የዜብራ ፊንች ማራቢያ ስብስብ፦ ከካርቶኑ ውስጥ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

ዜብራ ፊንች የተባለውን ትንሽ የኬጅ ወፍ ለማራባት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ «የማራቢያ ስብስብ» እየተባለ በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ነው። እኔ የተጠቀምሁበት ስብስብ የእንጨት የጎጆ ሳጥን፣ ከሐረግ የተጎነጎነ ክብ ጎጆ፣ የጎጆ መሥሪያ ቃጫና ጥጥ፣ ለካልሲየም የሚሰጥ የከትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት፣ የደረቀ የእንቁላል መኖ፣ በመጠጥ ውሃ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ ሰዓት መሙያ ያለው አነስተኛ መብራት፣ የፕላስቲክ እንቁላሎች፣ ባለ ቀለም የእግር ቀለበቶችና አንዲት ትንሽ የመመሪያ መጽሐፍ የያዘ ነበር። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ይዘቱ ከዚህ እምብዛም የማይለይ ስብስብ በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጥ፣ ቀጥሎ የምጽፈው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ተስፋ ስብስቡ ወፎቹን «በፍጥነት እንቁላል ያስጥላል» የሚል ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ዕቃ የምመዝነው እንቁላሉ በመጣበት ፍጥነትም ሆነ በእንቁላሉ ብዛት አይደለም። መለኪያዬ ጫጩቶቹ ከጎጆ በሰላም መውጣታቸው፣ ከዚያም በላይ እናቲቱ ዙሩን ስትጨርስ ክብደቷንና ላባዋን ሳታጣ መገኘቷ ነው። ዜብራ ፊንች እንቁላል ለመጣል ብዙ ጉትጎታ የሚያሻው ወፍ አይደለም። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ዘንቦ ሣሩ ዘር በያዘ ጊዜ ሁሉ ሳይዘገይ ለመራባት ተዘጋጅቶ የሚኖር ፍጥረት ነው። ኬጅ ውስጥ መኖና ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሳይጎድልበት ሲቀር ለእርሱ ዓመቱ በሙሉ መልካም ወቅት ይሆንበታል፤ ሴቷ ወንድ ባይኖር እንኳ ያልዳበረ እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጤነኛና ዕድሜያቸው የደረሰ ጥንድ ጎጆ ከተሰጣቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢጥሉ ምስጋናው የካርቶኑ አይደለም። የአርቢው ሥራ እንቁላሉ የሚመጣው ሴቷ አቅም ባላት ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ነው።

የዕድሜው ነገር በመመሪያው ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። የዜብራ ፊንች ልጆች ሲያድጉ ጥቁሩ ምንቃራቸው እየቀላ ይሄዳል፤ የወንዱ ደማቅ ቀይ፣ የሴቷ ደግሞ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በወንዱ ጉንጭ ላይ ብርቱካናማው ክብ፣ በደረቱ ላይም የሜዳ አህያ የሚመስለው ዥንጉርጉር መስመር ይወጣል። ይህ ሁሉ ወደ 3 ወር ገደማ ስለሚጠናቀቅ ወፎቹ ለዓይን የደረሱ ይመስላሉ፤ እንቁላል ሊጥሉም ይችላሉ። ሆኖም ሴቷ ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ እስኪሆናት መጠበቅ ይገባል። ገና አጥንቷ ያልጠነከረችን ወፍ ለእንቁላል ማጣደፍ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ ነው፤ እንቁላሉም ወፏም አብረው ሊጠፉ ይችላሉና።

ከስብስቡ ውስጥ ያለ ማመንታት የማመሰግነው የእንጨት ሳጥኑን ነው። በየጎኑ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው፣ የፊቱ የላይኛው ግማሽ ክፍት የሆነ፣ ክዳኑም ከላይ የሚነሣ ነው። ከኬጁ ውጭ ሊሰቀል የሚችል መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ እጅን ወፎቹ ወዳሉበት ሳያስገቡ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ማየት ይቻላልና። ወላጆቹ ለመብላት በወጡበት ቅጽበት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ማየት በቂ ነው። መግቢያው ሥር የተገጠመችው አጭር ዘንግም በአግባቡ የጠበቀች ናት፤ ወንዱ ቃጫ በምንቃሩ ይዞ ሲያርፍባት አትወዛወዝም። አንድ ጉድለት አለው፤ ወለሉ ልሙጥ ነው። ጫጩቶች በሚያዳልጥ ወለል ላይ ሲያድጉ እግሮቻቸው ወደ ጎን ተከፍተው ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ ሳጥኑን ከመስቀል በፊት ወለሉን በሸካራ ወረቀት መፈተግ ወይም ከሥሩ ደረቅ ሣር ጠቅጥቆ ማንጠፍ ያስፈልጋል።

ከሐረግ የተጎነጎነው ክብ ጎጆ ግን ሲያዩት የሚያምር፣ ሲጠቀሙበት የሚያስቸግር ዕቃ ነው። ቀይ ማይት የሚባሉት ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮች ቀን ቀን በስንጥቅና በጉንጉን መካከል ተሸሽገው ይውላሉ፤ ሌሊት ወጥተው የታቀፈችውን እናትና ላባ ያላወጡትን ጫጩቶች ደም ይመጥጣሉ። ከአንድ ግራም ብዙም የማይበልጥ ጫጩት ደግሞ የሚያጣው ትርፍ ደም የለውም። ከሐረጉ ጉንጉን ውስጥ እነዚህን ተባዮች ፈጽሞ ማጽዳት አይቻልም ለማለት ምንም አይቀረውም፤ የእንጨቱን ሳጥን ግን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፈቶ በፈላ ውሃ መለቅለቅና በፀሐይ ማድረቅ ይቻላል። በተጨማሪም የክቡ ጎጆ አፍ ጠባብና ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ጫጩቶቹን ሳይነካኩ ማየት አይቻልም። ሁለት ጎጆ አብሮ መስቀልም አይመከርም፤ ጥንዶቹ ከአንዱ ወደ ሌላው እያመነቱ ቃጫውን ሲያመላልሱ ይውላሉ።

የጎጆ መሥሪያውን በተመለከተ የኮኮናት ቃጫው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ረጃጅሙን 10 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጥጡን አውጥቶ መጣል እንጂ መስጠት አይገባም። የጥጥ ክር በወፏ ጣት ላይ ይጠመጠማል፤ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይከርራል፤ ደም መዘዋወሩን ያቋርጥና ጣቱ ደርቆ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። እናቲቱ ክሩ እግሯ ላይ እንደተጠመጠመ ስትበር ጫጩት ወይም እንቁላል ጎትታ ከጎጆ ልታወጣም ትችላለች። አምራቹ ይህንን ጥጥ «ለስላሳና ተፈጥሯዊ» እያለ ማሸጉን ልረዳው አልቻልሁም፤ የወፍ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አደጋ ነውና።

መመሪያው ፈጽሞ ያላነሣው አንድ ጠባይ ደግሞ አለ። ወንዱ ዜብራ ፊንች ቃጫ እስካገኘ ድረስ መሥራቱን አያቆምም። ሴቷ 2 ወይም 3 እንቁላል ከጣለች በኋላም እርሱ አዲስ ቃጫ እያመጣ በላዩ ላይ ያነጥፋል፤ እንቁላሎቹ ከሥር ይቀበራሉ፤ እርሷም አዲሱ ንጣፍ ላይ ሌላ ዙር ትጀምራለች። ሳጥኑን የከፈተ ሰው እንቁላል፣ ቃጫ፣ እንደገና እንቁላል ተነባብሮ ያገኛል፤ ከሥር ያሉት ሙቀት አጥተው በከንቱ ሲቀሩ እናቲቱ የሰውነቷን ካልሲየም ሁለት ጊዜ አወጣች ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው እንቁላል በታየበት ቀን ኬጁ ውስጥ የተረፈውን ቃጫ በሙሉ ማንሣት። ስብስቡ ውስጥ ያለው ቃጫ ለአንድ ጎጆ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሰጠ ሰው ይህ ነገር ሊገጥመው ይችላል።

ካልሲየምን በተመለከተ ስብስቡ ግማሽ መንገድ ብቻ ሄዷል። አንዲት ዜብራ ፊንች ከ12 እስከ 15 ግራም ትመዝናለች፤ እንቁላሏ ወደ 1 ግራም ይጠጋል፤ በአንድ ዙር በቀን አንድ አንድ እያለች ከ4 እስከ 6 ትጥላለች። ይህም ማለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሰውነቷን ክብደት ሲሶ የሚያህል እንቁላል ከራሷ ታወጣለች። የቅርፊቱ ዋና ንጥረ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ ከመኖ ያላገኘችውን ከአጥንቷ ትበደራለች። ዘር ብቻ የምትበላ ወፍ ካልሲየም ያጥራታል፤ ሲያጥራት ቅርፊቱ ይሳሳል፤ እንቁላሉን የሚገፋው ጡንቻም ይደክማል፤ እንቁላሉ ሳይወጣ ውስጧ ይቀራል። ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ የተቀመጠች፣ ዓይኗን የምትከድን፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል፣ የምታምጥ የምትመስል ሴት ከታየች ጊዜ መሰጠት የለበትም፤ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወደሆነ ሞቃትና እርጥበት ያለው ቦታ አዛውሮ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይገባል። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሆዷን እየጨመቁ እንቁላሉን በግድ ለማውጣት መሞከር ቅርፊቱ ውስጧ እንዲሰበር ያደርጋል።

በስብስቡ ውስጥ ያለው የከትልፊሽ አጥንት ንጹሕ፣ ነጭና ተስማሚ መጠን ያለው ነው። ማያያዣው ሽቦ ግን አጥንቱን ጠንካራው ጀርባው ወደ ወፎቹ እንዲዞር አድርጎ ይይዘዋል፤ ገልብጦ ለስላሳውን ገጽ ወደ ውስጥ ማዞር ያስፈልጋል፤ ጠንካራውን የፊንች ምንቃር አይበሳውምና። ከዚህ ሌላ የተፈጨ የኦይስተር (የባሕር ዛጎል) ቅርፊት ወይም በፈላ ውሃ ተቀቅሎ የደረቀና የተፈጨ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት በትንሽ ሰሐን ለብቻው ማስቀመጥ እመክራለሁ፤ ብዙ ሴቶች ከአጥንቱ ይልቅ እርሱን ይመርጣሉ። ሆኖም ካልሲየሙ ቢበላም ቪታሚን ዲ3 ከሌለ ሰውነት በሚገባ አይወስደውም፤ ወፎች ይህንን ቪታሚን የሚሠሩት ከፀሐይ በሚያገኙት የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ጨረሩን ከሞላ ጎደል ያግደዋል። ኬጁ በመስኮት አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ ወፎቹ ፀሐይ አግኝተዋል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የስብስቡ መብራትም ይህ ጨረር የለውም። ስለዚህ ዲ3 ያለው መኖ መስጠት ወይም ወፎቹን ጥላ ባልተለየው ቦታ በቀጥታ ፀሐይ ማስመታት የባለቤቱ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

የእንቁላል መኖው ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። የደረቀ እንቁላል ከግብዓቶቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ቀለም አልተጨመረበትም። በጥቂት ውሃ ሲርስ ሊጥ ሳይሆን ፍርፋሪ እስኪመስል ድረስ ብቻ መታሸት አለበት። ከረጠበ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ጠዋት ሰጥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማንሣት ግድ ነው፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ። ዋናው ቁም ነገር ግን መቼ መስጠትና መቼ ማቆም እንደሚገባ ነው፤ መመሪያው «በየቀኑ» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም። ሳጥኑ ከመሰቀሉ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ከበቀለ ዘርና ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር፣ በየቀኑ መስጠት ሴቷን ያጠነክራል፤ ለወፉም የዝናቡን ወቅት ያስመስልለታል። እንቁላሉ ተጥሎ አልቆ መታቀፍ ሲጀምሩ ግን መቀነስ አለበት፤ ያለ መቋረጥ የሚቀርብ ለምለም መኖ ሌላ ዙር እንዲጀምሩ ይገፋፋልና። ጫጩት በተፈለፈለ ቀን እንደገና በብዛት ይቀርባል። የዚያን ጊዜ መኖው መሥራቱን ለማወቅ ጫጩቱን ማየት ብቻ ይበቃል፤ ቆዳው ገና ስስ ስለሆነ በአንገቱ ጎን የሚገኘው የመኖ ከረጢት ሲሞላ ቢጫው የእንቁላል መኖና ነጫጩ ዘር በቆዳው ውስጥ ይታያሉ። አመሻሽ ላይ ከረጢቱ ሞልቶ የታየ ጫጩት ሌሊቱን በደህና ያልፋል።

በመጠጥ ውሃ ላይ የሚንጠባጠበውን «እንቁላል ማስጣያ» ፈሳሽ አልመክርም። ቪታሚን የጎደለው ወፍ ቪታሚን ቢያገኝ ይሻለዋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ፊንች በቀን የሚጠጣው ውሃ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ምን ያህል እንደወሰደ መቆጣጠር አይቻልም፤ ቪታሚኖቹም ውሃ ውስጥ ሆነው ብርሃን ሲያገኛቸው ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ጣፋጭነት ያለው ውሃ ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። ጣዕሙን ያልወደደች ወፍ ውሃ መጠጣቷን ብትቀንስ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

መብራቱ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው። በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ብርሃን ማግኘት ወፎቹ በቂ መኖ እንዲበሉና በኋላም ጫጩቶቹን ደጋግመው እንዲያጎርሱ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ሰዓት መሙያው ይህንን በሥርዓት ያስጠብቃል። ችግሩ ሰዓቱ ሲሞላ በአንድ ቅጽበት ድርግም ብሎ መጥፋቱ ነው። በዚያች ደቂቃ ለመብላት ወጥታ የነበረች እናት በጨለማ ወደ ሳጥኑ የምትመለስበትን መንገድ አታገኝም፤ እንቁላሎቹ ወይም ራቁታቸውን ያሉ ጫጩቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዙ ያድራሉ። ይህ አምራቹ በቀላሉ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው፤ እስከዚያው ድረስ አንዲት ደብዘዝ ያለች የሌሊት መብራት በክፍሉ ውስጥ መተው ያስፈልጋል።

የፕላስቲክ እንቁላሎቹ መመሪያው ከሚለው በተለየ መንገድ ይጠቅማሉ። መመሪያው እያንዳንዱን እውነተኛ እንቁላል እያነሡ በሐሰተኛው ተክቶ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ላይ መመለስን ይመክራል። ለዜብራ ፊንች ይህ አላስፈላጊ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምር መታቀፍ የሚጀምሩት ሦስተኛው ወይም አራተኛው እንቁላል ሲጣል በመሆኑ ጫጩቶቹ ብዙም ሳይራራቁ ይፈለፈላሉ። እናትና አባት በተራ እየታቀፉ ከ12 እስከ 14 ቀን ይቆያሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንቁላሉን እየነካኩ ማስጨነቅ ትርፍ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ ሲበልጥ ወላጆቹ ለመፈልፈል ለተቃረቡ እንቁላሎቻቸው የተለየ ድምፅ ያሰማሉ፤ ድምፁን የሰሙት ጫጩቶችም እድገታቸው ይለወጣል። በወላጅና በእንቁላል መካከል እንዲህ ያለ ግንኙነት እንዳለ ያወቀ ሰው ያለ ምክንያት እጁን አያስገባም። ሐሰተኞቹ እንቁላሎች ግን ማቆም ላቃታት ሴት ዋና መድኃኒት ናቸው፤ የእርሷን አንሥቶ እነርሱን መተካትና ሰልችቷት እስክትተው ድረስ እንድትታቀፋቸው መተው፣ በየቀኑ አዲስ እየጣለች ከመድከም ያድናታል።

ባለ ቀለም ቀለበቶቹ ወፎቹን ለመለየት ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዋ ናንሲ በርሊ ሴት ዜብራ ፊንቾች ቀይ ቀለበት ያደረጉ ወንዶችን አብልጠው እንደሚመርጡ፣ አረንጓዴ ያደረጉትን ግን እንደሚሸሹ ጽፋ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ቢሆንም በርካታ ጥንዶች በአንድ ላይ በሚኖሩበት ሰፊ ኬጅ ለወንዶቹ ቀይና አረንጓዴ ቀላቅሎ ከማድረግ መቆጠብ አይጎዳም።

ከሁሉ የከፋው የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ነው። ጫጩቶቹ ከጎጆ እንደወጡ ከወላጆቻቸው ለይቶ «ጥንዱን ለቀጣዩ ዙር ማዘጋጀት» ይገባል ይላል። ጫጩቶቹ ከሳጥኑ የሚወጡት ከ18 እስከ 21 ቀን ሲሆናቸው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ራሳቸውን መመገብ አይችሉም፤ እስከ 35ኛው ቀን ገደማ በተለይ አባታቸው ያጎርሳቸዋል። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ልጆቹ መኖ በሞላበት ኬጅ ውስጥ ተርበው ሲሞቱ ያያል። የዙሩ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ዜብራ ፊንቾች በራሳቸው አያቆሙምና በዓመት ከ2 ወይም ከ3 ዙር በኋላ ሳጥኑን አውርዶ፣ የእንቁላል መኖውን ቀንሶ፣ ካስፈለገም ወንዱንና ሴቷን ለያይቶ ለወራት ማሳረፍ የአርቢው ኃላፊነት ነው። መመሪያው ስለ ዕረፍት አንድም ቃል የለውም። ደግነቱ እንቁላልን በብርሃን ስለ መመርመር የጻፈው ትክክል ነው፤ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ በትንሽ መብራት ሲታይ የዳበረው ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ያልዳበረው ጥርት ብሎ ይቀራል። ብዙዎቹ ጥርት ብለው ከተገኙ ግን ወፎቹን ከመለወጥ በፊት ቆጡን መፈተሽ ይጠቅማል፤ የላላና የሚሽከረከር ቆጥ ላይ ወንዱ በስሪያ ጊዜ ሚዛኑን ስለሚያጣ እንቁላሉ ሳይዳብር ይቀራል። ስብስቡ ውስጥ ቆጥ የለም፤ ውፍረቱ የተለያየና ጫፍና ጫፉ የጠበቀ የዛፍ ቅርንጫፍ ለዚህ ከፕላስቲክ ዘንግ ይሻላል።

ካርቶኑ «ለሁሉም ፊንቾች» የሚለውም ልክ አይደለም። ለዜብራ ፊንችና ለሶሳይቲ ፊንች ሳጥኑ ተስማሚ ነው፤ ጎልዲያን ፊንች ግን በዱር የዛፍ ፍልፍል ውስጥ የሚጥል በመሆኑ ፊቱ ግማሽ ክፍት የሆነ ሳጥን አይመቸውም፤ ጠለቅ ያለና መግቢያው ብቻ የተከፈተ ሳጥን ይፈልጋል።

ሳጥኑ፣ የከትልፊሽ አጥንቱና የእንቁላል መኖው ለየብቻ የሚገኙ ከሆነ ሙሉውን ስብስብ መግዛት አያስፈልግም፤ የሐረጉ ጎጆ፣ ጥጡና ፈሳሹ የሚጣሉ ናቸውና። ለየብቻ ካልተገኙ ግን ለሳጥኑ ሲባል ብቻ እንኳ ይገዛል፤ የገዛው ሰው ካርቶኑን እንደከፈተ ጥጡን ቢያስወግድ፣ ቃጫውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ቢያስቀምጥ፣ የመመሪያውንም የመጨረሻ ገጽ ወደ ጎን ቢተው የቀረው ዕቃ በሚገባ ያገለግለዋል።